የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አምስት ጓደኛሞችና አንድ የማሽከርከር ሥልጠና ቀን

ጥያቄ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን ዕድሜዬ 41 ነው፤ ከአዲስ አበባ ከመጣሁም 14 ዓመት ሞልቶኛል። አብረን ያደግን አምስት ጓደኛሞች ነን። ከመካከላችን አንዱ በሚመጣው የጸደይ ወራት ዌስት ቨርጂኒያ በሚገኘው የሰሚት ፖይንት የመኪና መወዳደሪያ ሥፍራ የአንድ ቀን የማሽከርከር ብቃት ሥልጠና እንድንወስድ ሐሳብ አቅርቦ ሁላችንም ተስማምተናል። የምነዳው የ2015 ሆንዳ አኮርድ ነው፤ በትርፍ ሰዓቴም ሰው አመላልስበታለሁ። እንዲህ ያለ ተራ የቤት መኪና ይህን ቀን ይችለዋል ወይ? አንድ ነገር ቢደርስስ ኢንሹራንሱ ይከፍላል? ጓደኞቼ ከወዲሁ «መጨረሻ የወጣ ክትፎ ይጋብዛል» ብለው ተወራርደዋል፤ ባለቤቴ ደግሞ «ልጆች እንዳሉህ አትርሳ» እያለችኝ ነው። በዚህ ዕድሜ ይህን ማድረግ ዕብደት ነው ወይስ ትምህርት?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሣና ውርርዱን ከቤት ሳትወጡ አፍርሱት እላለሁ። ይህን የምለው ክትፎ ጠልቼ ሳይሆን፣ በሥልጠናው ቀን «መጨረሻ የወጣ» የሚባል ሰው ስለሌለ ነው። ሰዓት የሚይዝ የለም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ አዘጋጆች የዙር ሰዓት መያዝን በግልጽ ይከለክላሉ። በጀማሪዎች ቡድን አንዱ መኪና ሌላውን የሚያልፈው በተወሰኑ ቀጥታ ቦታዎች ላይ ብቻ፣ ያውም ከፊት ያለው አሽከርካሪ እጁን በመስኮት አውጥቶ «በዚህ በኩል እለፈኝ» ብሎ ሲያመለክት ነው። ስለዚህ ጓደኛዎ ቢቀድምዎት የቀደመዎት እርስዎ ፈቅደውለት ነው፤ በዚህ ላይ ምን ውርርድ ይቆማል? ውርርዱ ቢፈርስም ግን «እኔ ከማን አንሼ» የሚለው ስሜት አብሯችሁ መሳፈሩ አይቀርም። ከጎን ተቀምጬ ጀማሪዎችን ባሠለጠንሁባቸው ዓመታት ከመንገድ ወጥተው ሣር ላይ ሲቆሙ ካየኋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ኩርባው የከበዳቸው አልነበሩም፤ ጓደኛቸው የት እንደ ደረሰ በስፖኪዮ ሲፈልጉ የነበሩ ናቸው። ቢቻል አዘጋጆቹን በአንድ ቡድን ውስጥ እንዳያስገቧችሁ ለምኗቸው። ቀኑን ለጓደኛሞች ጣፋጭ የሚያደርገው በመንገዱ ላይ አብሮ መሮጥ ሳይሆን፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ከአጥሩ ጥግ ቆሞ ማየቱና ከዚያ በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጦ መከራከሩ ነው።

ሰሚት ፖይንት ጀፈርሰን ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ማልዳችሁ ከተነሣችሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅባችሁ ነው። ዋናው መንገድ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት። አጠገቡ ሸናንዶዋ የሚባል ሌላ መንገድ ያለ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ጀርመን አገር ኑርበርግሪንግ በሚባለው የመወዳደሪያ መንገድ ላይ ካለው ታዋቂ ኩርባ ተቀድቶ የተሠራ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ወደ ውስጥ ያዘነበለ የሲሚንቶ ኩርባ ይገኛል። በዚህ ሥፍራ የዋሽንግተን አካባቢ የቢኤምደብልዩና የፖርሽ ባለቤቶች ክበባት ለረጅም ጊዜ ሲያሠለጥኑ ቆይተዋል። ቀኑ የሚጀምረው በመኪና ምርመራና ማንም ሊቀርበት በማይፈቀድ የአሽከርካሪዎች ስብሰባ ነው፤ ከመንገዱ ዳር ለአሽከርካሪዎች ምልክት የሚሰጥባቸው ባንዲራዎች ትርጉም የሚነገረው እዚያ ነውና ቡና ፍለጋ ወጣ አይበሉ። ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል መንዳት (ይህን «ዙረት» እንበለው)፣ ቀጥሎ ክፍል ገብቶ መማር፣ እንደገና መንዳት እየተፈራረቁ እስከ ማምሻው ይዘልቃሉ። ጀማሪ በሆኑ ጊዜ ሁሉ ከጎንዎ አሠልጣኝ ይቀመጣል። ዕድሜን በተመለከተ አይጨነቁ፤ በእንዲህ ያለ ቀን ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ከጎረምሶቹ ይበዛሉ።

አኮርድዎ ይህን ቀን ይችለዋል። ሞተሩም መሪውም ለጀማሪ ከበቂ በላይ ናቸው። ችግር የሚሆኑት ከፍ ያሉ መኪኖች ናቸው፤ የመገልበጥ ዝንባሌ ስላላቸው ብዙ አዘጋጆች አይቀበሏቸውም፤ ከጓደኞችዎ አንዱ እንዲህ ያለ መኪና ካለው ገንዘብ ሳይከፍል አስቀድሞ ይጠይቅ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይህ መኪና ሰው የሚያመላልሱበት የእንጀራዎ መኪና ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሊወጡበት የሚገባን መኪና ቅዳሜ ወደዚያ ከወሰዱት፣ ምንም አደጋ ባይደርስ እንኳ ጎማና ፍሬን በአንድ ቀን የወራት ዕድሜ ያስከፍሉዎታል። ይህን ወጪ አስልተው፣ ልብዎ ከፈቀደ ይሂዱበት።

አሁን ወደ ፍሬኑ እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ እንዲያነቡት የምፈልገው ይህን ነው። የመኪና ፍሬን ሥራው የፍጥነትን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፤ ይህ ጉልበት ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋል። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ160 ወደ 80 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ብቻ ሲቀንስ፣ ከሦስት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት በአራቱ ጎማዎች ፍሬን ላይ ይወርዳል። ከደቂቃ በኋላ ሌላ ኩርባ ይመጣል፤ እንደገና ይፈላል። በከተማ መንገድ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ሙቀት የማያይ ፍሬን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ያየዋል።

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ መኪናዬን ለአንድ ጋራዥ ሰጥቼ «ፍሬኑን እዩልኝ» አልሁ፤ ሸራውን ቀየሩና «ምንም ችግር የለበትም» ብለው መለሱልኝ። የፍሬን ዘይቱን አልነኩትም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ዙረት፣ ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ፣ ወደ አንደኛው ኩርባ ስደርስ ፍሬኑን ረገጥሁት። እስከዚያ ድረስ እንደ ድንጋይ ይጠነክር የነበረው ፔዳል ጭቃ ውስጥ እንደ ገባ እግር ዝም ብሎ ሰመጠ። ከጎኔ የነበረው አሠልጣኝ ውኃ እንደሚያቀብል ሰው በረጋ ድምፅ «ደጋግመህ ርገጥ፤ መሪውን አትጠምዝዝ» አለኝ። በሦስተኛው ርግጫ ትንሽ ያዘልኝ። ኩርባውን ትተን ቀጥ ብለን ወደ ሣሩ ወጣን፤ ቆምንም። ለጥቂት ጊዜ የተቃጠለ ሽታ ብቻ ነበር። በኋላ ኮፈኑን ከፍተን የዘይቱን ዕቃ ስናየው፣ አዲስ ሲሆን እንደ ብርዝ ፈዛዛ ቢጫ መሆን የነበረበት ፈሳሽ የቡና አተላ መስሎ ተገኘ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ውኃ ሲገባበት የሚፈላበት የሙቀት መጠን ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የያዘው 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ ዘይት አይጨመቅም፣ አረፋ ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ እግርዎ የሚገፋው ፍሬኑን ሳይሆን አረፋውን ይሆናል። እንግዲህ ከመሄድዎ ጥቂት ቀናት በፊት ዘይቱን በአዲስ ዶት 4 ያስቀይሩ፤ ሲቀየርም ቢቻል አጠገቡ ይቁሙ። ዶት 5 የሚባለው በስም ቢመሳሰልም ሲሊኮን ስለሆነ ከእነዚህ ጋር አይደባለቅም፤ ስሙ ከፍ ስላለ ይሻላል ብሎ የሚያመጣ ጓደኛ አይጠፋምና ይጠንቀቁ። የፍሬን ሸራው ከግማሽ በላይ ውፍረት ይኑረው። የጎማ ብሎኖቹን ልካቸውን ጠብቀው በመለኪያ መፍቻ ያስጠብቁ፤ የጎማው ነፋስ በሙቀት እንደሚጨምርም ያስታውሱ። በእያንዳንዱ ዙረት የመጨረሻዋን ዙር በዝግታ፣ ፍሬን ሳይነኩ ነድተው ፍሬኑን ያቀዝቅዙት፤ ሲያቆሙ ደግሞ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና ማርሹን «ፒ» ላይ አድርገው ጎማውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደግፉት።

ከዚሁ ጋር የጓደኛሞች ነገር አለ። ወጪ ለመቆጠብ ሁለት ሰዎች በአንድ መኪና እየተፈራረቁ መመዝገብ የተለመደ ነው፤ ሐሳቡ መጥፎ ባይሆንም፣ አንዱ ወርዶ ሌላው ሲገባ መኪናው የሚያርፍበትና ፍሬኑ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ እንደማይኖረው አስቡበት። እንደኔ ቢሆን አንድ መኪና ለሁለት ጀማሪዎች አልመክርም።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ዓይን ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳሉ። እጅ የሚከተለው ዓይንን ነው፤ መኪናም የሚሄደው ዓይን ወዳለበት ነው። በቀላሉ የሚታየው ውኃ በሚረጭበት የመንሸራተቻ ሜዳ ላይ ነው፦ የመኪናው ኋላ ሲያመልጥ ተማሪው በድንጋጤ ሊጋጨው የፈራውን ኮን (ለምልክት የቆመውን የፕላስቲክ ሾጣጣ) ያያል፣ ኮኑንም ይጋጨዋል። «ዓይንህ የት ነው? መውጫውን እየው» ሲባልና ፊቱን ወደ መውጫው ሲያዞር እጁ ሳይታዘዝ ራሱ መሪውን ያቃናል። ይህን ለማስተማር ከሁሉ የሚያስቸግሩኝ ዐዲስ አሽከርካሪዎች አይደሉም፤ ለዓመታት ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ወገኖቼ ናቸው። ዓይናቸው ከፊት ካለው መኪና የኋላ መብራት ላይ ተተክሎ ስለ ቀረ፣ ኩርባውን አልፎ ማየትን እንደ አዲስ ይማሩታል። እርስዎም ከእነዚህ አንዱ ስለሆኑ ቀድሜ ነገርሁዎ።

ስለ ጎማ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ጎማ መንገዱን የሚይዝበት አቅም እንደ ወር ደመወዝ ነው፤ ሁሉንም ለፍሬን ካወጡት ለመሪ የሚቀር የለም። ፍሬን ጠንክረው እየረገጡ ሳለ መሪ ቢጠመዝዙ መኪናው የማይታዘዘው ስለዚህ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ፍሬኑ በቀጥታው መንገድ ላይ ያልቃል፣ ቀጥሎ መሪ፣ መኪናው መውጫውን ሲያይ ደግሞ ነዳጅ ይሰጣል። በኩርባው መካከል ደንግጠው እግርዎን ከነዳጁ ላይ በድንገት አያንሡ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ሲያዘነብል የኋላ ጎማዎች ቀለው ይንሸራተታሉ።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ ፖሊሲዎን ራስዎ ያንብቡት። ብዙ የግል መኪና ፖሊሲዎች በመወዳደሪያ ሥፍራ የደረሰን ጉዳት አንሸፍንም ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ቃሉን ለውድድር ብቻ ሲያደርጉ ሌሎቹ ሥልጠናውንም ጨምረው ያስወግዳሉ። ለአንድ ቀን ብቻ የሚሸጥ ልዩ ሽፋን አለ፤ ዋጋው እንደ መኪናው ይለያያል። በር ላይም ኃላፊነቱ የራሴ ነው የሚል ወረቀት ይፈርማሉ። የተከራየ መኪና ይዞ መሄድ ግን ፈጽሞ አይታሰብ፤ የኪራይ ውሉ ይከለክላል።

የራስ ቁር ሲገዙ ወይም ሲዋሱ ውስጡ የተለጠፈውን የስኔል (የራስ ቁሮችን ደኅንነት የሚፈትን ድርጅት) ምልክት ይመልከቱ፤ ኤስኤ 2020 ወይም ከዚያ የቅርብ የሆነውን ይምረጡ። «ኤም» የሚል ምልክት ያለው ለሞተር ብስክሌት የተሠራ ሲሆን እሳትን የመቋቋም ፈተና ስላላለፈ ብዙዎች አይቀበሉትም። ከመኪናው ውስጥ ሁሉንም ዕቃ ያውጡ፤ ከወንበር ሥር የተረሳ የውኃ ጠርሙስ ተንከባሎ ከፍሬን ፔዳል ሥር ሲገባ አይቻለሁ። ጾመኛ ከሆኑ ደግሞ ቀኑን ሲመርጡ ይህን ያስቡበት፤ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ቁር አጥልቆ፣ በፀሐይ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ለማንም አይበጅም፤ አብዛኛው ስሕተትም የሚፈጸመው ከሰዓት በኋላ ሰው ሲደክም ነው። የመጨረሻውን ዙረት ቢተዉት ማንም አይታዘብዎትም። ባለቤትዎም ሥጋታቸው ተገቢ ነውና ፈቃዳቸው ከሆነ አብረው ይሂዱ፤ ካዩት በኋላ የሚመዘገቡት እርሳቸው ሆነው ያረፉበትን አጋጣሚ ከአንድ ጊዜ በላይ ዐይቻለሁ።

ጥያቄ

ልጄ 17 ዓመቱ ሲሆን መንጃ ፈቃድ ካወጣ ስድስት ወሩ ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር እንዲህ ያለ የመኪና ሥልጠና ቀን ልሂድ እያለ ያስቸግረኛል። ፍጥነት እንዲለምድ አልፈልግም። ምን ይሻለኛል?

እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ

እመቤቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ልጅዎን ጓደኞቹ ወዳሰቡት የመወዳደሪያ መንገድ አይላኩት፤ ብዙዎቹ አዘጋጆችም ከ18 ዓመት በታች የሆነውን አይቀበሉም። ይልቁንስ «ስትሪት ሰርቫይቫል» የሚባለውን የአንድ ቀን ሥልጠና ይፈልጉለት፤ ከ15 እስከ 21 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ወጣቱ ራሱ ዘወትር በሚነዳው መኪና፣ ሰፊ በሆነ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ፣ አሠልጣኝ ከጎኑ ተቀምጦ ይሰጣል። ፍጥነት አይማርበትም፤ የሚማረው ድንገተኛ ፍሬን፣ በእርጥብ መሬት ላይ መንሸራተትንና በኮኖች መካከል መሸሽን ነው። ትልቅ የጭነት መኪና አቁመው ወጣቶቹን ከሹፌሩ ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ ከጎን የቆመ መኪና ፈጽሞ እንደማይታይ ልጁ በገዛ ዓይኑ ሲያየው፣ እርስዎ ዓመት ሙሉ ቢመክሩት የማይገባው ነገር በአንድ ደቂቃ ይገባዋል።

በተለይ የኤቢኤስ ፍሬንን (ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለውን) ልምምድ እንዲያየው እፈልጋለሁ። ሙሉ ኃይል ሲረገጥ ፔዳሉ እግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ያንኳኳል። ይህን ቀምሶ የማያውቅ ሰው የተሰበረ ነገር ያለ መስሎት እግሩን ያነሣል፤ ማንሣት ግን ከሁሉ የከፋው ነው። ከጓደኞቹ ሁለቱ ሦስቱ አብረውት ቢመዘገቡ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ በዚህ ዕድሜ እርስ በርስ የሚነጋገሩትን ከእኛ ምክር በላይ ይሰሙታል።

ጥያቄ

ውጭ አገር ያሉ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ሥልጠና ወስደናል ብለው ይነግሩኛል። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ ለሥራ በየወሩ ወደ ጎጃም እነዳለሁ። ከዚህ ትምህርት ለኔ የሚጠቅም አለ?

አሽከርካሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

አለ፤ ለእርስዎ እንዲያውም ከእነሱ ይልቅ ይጠቅማል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ያን ሁሉ ከፍታ በፍሬን ብቻ መያዝ ማለት ከላይ የገለጽሁትን ሙቀት ያለ ዕረፍት በፍሬኑ ላይ ማውረድ ነው። የፍሬን ዘይትዎን ቢያንስ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ያስቀይሩ። ከመውረድዎ በፊት ማርሹን ዝቅ አድርገው ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝልዎ ያድርጉ፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው በፎሌ አይውረዱ፤ የሚቆጠብ ነዳጅ ቢኖር እንኳ አይጠቅምዎትም። ፍሬኑንም ቀለል አድርገው ያለማቋረጥ ከመርገጥ ይልቅ ጠንከር አድርገው ፍጥነቱን ቀንሰው መልቀቅና ማቀዝቀዝ ይሻላል።

ጎሐ ጽዮን ላይ ቡና ጠጥተው ሲነሡ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጠው ጥንካሬውን ይሞክሩት። እየሰመጠ የሚሄድ ከሆነ ቁልቁለቱን አይጀምሩት፤ እዚያው አቁመው መካኒክ ይጥሩ።